መቶ ሃያ ሰዓት

ዳኛዋ ሲያነቡ የሰማሁት አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፦
«በገደብ»።
የቀረው በጆሮዬ ጠርዝ ፈሶ ወረደ።
የባጃጄን ቁልፍ በኪሴ ዳበስኩት፣
እንደ ተፈታ ሰው።

ወረቀቱ ግን ነበረ፤
ሦስት ገጽ፣ ማኅተሙ የፈሰሰ፣
አጥፌ አጥፌ ከወንበሩ ሥር የወሸቅኩት።
የመጀመሪያው ዓርብ ላይ አልሄድኩም፤
የማራኪ ተማሪ ጭኜ ስወጣ ስወርድ ዋልኩ።

ወይዘሮ ዝናሽ ውበቴ፣ የአመክሮ ሹሟ፣
ከቀበሌው ጓሮ፣ ከተሰበሩ ወንበሮች ክምር ጎን ነው ቢሯቸው።
አልጮኹብኝም።
መነጽራቸውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠርገው
«ና፣ አብረን እናንብበው» አሉኝ።
እንደ የኔታ በጣት እየመሩ፣ መስመር በመስመር፦
መቶ ሃያ ሰዓት የግዴታ ሥራ፤
ማክሰኞና ዓርብ፣ ከሁለት ሰዓት እስከ ስድስት፤
ሳያስፈቅዱ ከጎንደር አለመውጣት፤
ለተጎጂዋ የሕክምና ወጪ፣ በየወሩ።
«ገደብ ማለት» አሉ «በሩ ተከፈተ ማለት አይደለም።
ውኃው ከኋላህ ቆሟል፣ ግድቡ አንተ ነህ።
ብትሰነጠቅ ስምንቱ ወር ይወርድብሃል።»
ዓርቧን በቀይ እስክሪብቶ ጻፏት፤
ማስጠንቀቂያ ቁጥር አንድ።

ከዚያ አካፋ።
ለእኔ ያልተሰፋ ብርቱካንማ ሰደርያ።
የቅዳሜ ገበያ ቦይ፣ ከሽንኩርት ተራ እስከ ቀሃ መውረጃ፦
ፌስታል፣ የበሰበሰ ጎመን፣ የሃይላንድ ጠርሙስ፣
አንድ ጊዜማ የሕፃን ጫማ፣ የግራው ብቻ።
ልጆቹ «ማዘጋጃ!» ይሉኛል፤
ባልንጀሮቼ ባጃጃቸውን አዝግመው ጥሩምባ ይነፋሉ፤
«ቢሆነኝ፣ ወርቅ አገኘህ ወይ?»
አልመልስም። ስዝቅ ለራሴ የምላት አለችኝ፦

ዳኛዋ «ቅጣት» ሲሉ መሰለኝ ቅጥ ማጣት፤
ቅጤንስ ያጣሁት ያን ለት ነው፣ እሷን ስቀጣት።

በሰባተኛው ሳምንት ቦዩ እሷ ዘንድ ደረሰ።
ማንጠግቦሽ።
እዚያው መደቧ ላይ፣ እዚያው ጃንጥላ ሥር፣
የሰበርኩት ቀኝ ክንዷ አልታጠፍ ብሎ፣ በግራዋ እየመዘነች።
ሚዛኑ መወዛወዙን እስኪተው ትጠብቃለች፤
እኔ ቁልቁለቱ ላይ ያልጠበቅኳትን ያህል፣
ለዓይን ጥቅሻ።
ሰላም ልበላት? ወረቀቱ ላይ የለም።
ይቅርታ ልበል? ችሎት ፊት ብያለሁ፤
ቃሉን ያስጠናኝ ጠበቃው ነበር።
አንገቴን ደፍቼ ዛቅኩ።
እሷም ጭቃው እንዳይረጨው ጆንያዋን ወደ ውስጥ ሳበች።
አራት ሰዓት ሙሉ የተነጋገርነው ይኸው ነው።

ሐምሌ ገባ።
አንድ ሌሊት አልጋዬ ላይ ሆኜ ዝናቡን አዳመጥኩ፤
በማግስቱ ገበያው አልረጠበም፣
ጎርፉ በቦዩ ወርዶ፣ አጉረምርሞ፣ ቀሃ ገብቷል።
ደስ አለኝ፤
ለማንም አልተናገርኩም፣ ምን ብዬ?

የመጨረሻዋ ፊርማ ነሐሴ ዐሥራ ሁለት ናት።
ወይዘሮ ዝናሽ ደመሩ፣ እንደገና ደመሩ፤
ሰዓት ላይ ዘመድ አያውቁም።
«መቶ ሃያ» አሉ። «ገደቡ ግን እስከ መጋቢት ነው፣ እንዳትረሳው።»
ሊጨብጡኝ እጄን ይዘው መዳፌን ገለበጡት፤
«ቅባት ቀባው» አሉኝ።

ሰደርያውን መልሼ፣ ባዶ እጄን፣ በሽንኩርት ተራ ወረድኩ።
ማንጠግቦሽ ቀና አለች።
በዚያው በማይታጠፈው ክንዷ
ከመደቧ ሥር፣ ደለል የያዘውን ጥግ አሳየችኝ፦
«እዚህ ጋ ቀርቶሃል።»

ከድንች ሻጩ አካፋ ለመንኩ።
ስንት ደቂቃ እንደ ፈጀ አላውቅም፤
መዝገብ የያዘ ሰው አልነበረም።